ጭሱ ለጎረቤት

ሰው ጎጂነቱን እያወቀ የሚወደው ነገር ብዙ ነው። ሲጋራ አለ፣ አረቄ አለ፣ ጫት አለ። ስለ እነዚህ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን የትኛውም ሰባኪ ትዝ ብሎት የማያውቅ አንድ ፍቅር ነው። አሮጌ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ለፍጥነት የተሠራ ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ አድሶ መንዳት። «ኧረ ለመሆኑ ይህ ደግሞ ምን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለበት ባይ ነኝ። እንዲያውም ያለበት ከአንድ በላይ ነው፤ ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ ከጭሱ ጋር ይገናኛል።

አንባቢ መካኒክ እንዲሆን አልጠብቅም። ይሁንና ስለ ሞተሩ አሠራር ጥቂት ካላልኩ ፍቅሩም ጥፋቱም አይገባም። የተለመደው ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን በሥርዓት ይከፋፍላል። በመጀመሪያው ምት ቤንዚንና አየር ይስባል፤ በሁለተኛው ያምቃል፤ በሦስተኛው ያቃጥላል፤ በአራተኛው ጭሱን ያስወጣል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጉልበት የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ባለ ሁለት ምቱ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዙር ይጨርሳል። በቴስታታው ላይ ቫልቭ የሚባል ነገር የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፒስተኑ ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ሲወጣ ይዘጋቸዋል፤ አለቀ። ትንሽና ቀላል ሆኖ ጉልበተኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋውም ከዚያው ይመጣል። አዲሱ ቤንዚን ሲገባና የተቃጠለው ሲወጣ በሮቹ በአንድ ጊዜ ክፍት ስለሆኑ፣ ከገባው ቤንዚን ከአምስት እጅ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠው፣ ሳይቃጠል በማርሚታው ሹልክ ይላል። ዘይቱም እንደ መኪና ከሥር ተጠራቅሞ የሚዞር አይደለም። ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ አብሮ ይቃጠላል፤ አብሮ ይወጣል። በድሮው ልክ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሃያ ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ነው። ከኋላው የሚታየው ሰማያዊ ጭስ እሱ ነው። አንድ ጊዜ የሸተተው ሰው ሽታውን አይረሳውም፤ የሚወደው በናፍቆት፣ የሚጠላው በሳል ያስታውሰዋል።

ፍቅሩስ ከየት ይመጣል? ነድቶ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በዝግታ ሲሄድ የታመመ በግ ይመስላል፤ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያኮርፋል። ከስድስት ሺህ ዙር ግድም ሲያልፍ ግን ድምፁ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። የተቆጣ የንብ መንጋ ይሆናል፤ የፊተኛው ጎማ ከመሬት ሊነሳ ይቃጣዋል፤ ጋላቢው እጀታውን ሙጥኝ ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። በ1969 ካዋሳኪ ያወጣው ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ማክ ሦስት ከአምስት መቶ ሲሲ 60 የፈረስ ጉልበት ያመነጭ ነበር። ፍሬኑና አካሉ ግን ለዚያ ጉልበት የተሠሩ አልነበሩም። ሰዎች «ባል ገዳይ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም። ያማሃ በ1983 ያወጣው አርዲ 350፣ ማርሚታው አፍ ላይ በራሷ የምትዞር ትንሽ በር ተገጥማለት፣ ከ347 ሲሲ ከዚያ ብዙም የማያንስ ጉልበት ሰጠ፤ ፍሬኑም አካሉም በጣም የተሻለ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የማድሰው ከዚሁ ዘር አንዱን ነው።

ይህ ጉልበት የመጣበት መንገድ ራሱ ጥያቄ አለበት። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም።

በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን፣ ቾፓው በምትባል ከተማ፣ ዋልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ኤምዜድ ለሚባለው ፋብሪካ የእሽቅድምድም ሞተሮች ይሠራ ነበር። ገንዘብ የለም፤ ጥሩ ብረት የለም፤ ያለው ጭንቅላቱ ነው። ካደን ያስተዋለው ነገር ይህ ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ አይወጣም፤ የድምፅ ሞገድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ማርሚታው መጀመሪያ እየሰፋ፣ ቀጥሎ እየጠበበ እንዲሄድ ተደርጎ ከተሠራ፣ ሞገዱ በቅድሚያ ሲሊንደሩን ስቦ ባዶ ያደርገዋል፤ ከዚያ ነጥሮ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን በሩ ሳይዘጋ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሆዱ ያበጠ ቧንቧ፣ ከቆርቆሮ የተበየደ፣ አንዲት ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው፣ የሞተሩን ጉልበት እጅግ ጨመረው። በ1961 የካደን 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ ይህም በሊትር 200 ማለት ነው። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የበርሊን ግንብ ተሠራ። መስከረም ላይ የፋብሪካው ዋና ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር ለዓለም ሻምፒዮናነት ጥቂት ቀርቶት ስዊድን ውስጥ ክሪስቲያንስታድ ላይ ተወዳደረ፤ ሞተሩ ከመንገድ ቀረ፤ እሱም በዚያው በዴንማርክ በኩል ወደ ምዕራብ ኮበለለ። ሚስቱና ልጆቹ በዚያው ሰሞን መኪና ውስጥ ተደብቀው ድንበር ተሻግረው ነበር። ዴግነር የካደንን ምስጢር ይዞ ጃፓን ሱዙኪ ዘንድ ገባ። በ1962 የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ በጃፓን የተሠራው ፈጣን ባለ ሁለት ምት ሁሉ፣ የእኔው ያማሃ ጭምር፣ ሆዱ ያበጠ ማርሚታ ከኋላው ይጎትታል። (የመሐንዲሱ ስም በፊደላችን ሲጻፍ «ካደን» መሆኑ የአጋጣሚ ቀልድ ነው። የካደው እሱ ሳይሆን ጋላቢው ነበርና።)

አሁን ጥያቄው፤ ዴግነር ሌባ ነው ወይስ ነፃነቱን የፈለገ አባወራ? ብዙ የሞተር ሳይክል ወዳጆች ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ። በበኩሌ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ልጆቹን ከግንብ ጀርባ የማውጣት መብት ነበረው። የሌላ ሰው የዓመታት ድካም የመሸጥ መብት ግን አልነበረውም። «ዕውቀት የሰው ልጅ ሁሉ ነው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ይህን የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕውቀቱ የደረሳቸው እንጂ የተወሰደባቸው አይደሉም። ካደንንም ቅዱስ አናድርገው፤ በጦርነቱ ዘመን በፔኔሙንደ፣ የሂትለር መንግሥት ሮኬትና ተወርዋሪ ቦምብ ያስመረምርበት በነበረው ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። ዴግነርም ያተረፈው እስከዚህም ነው። በ1963 ሱዙካ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተቃጠለ፤ በ1983 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሞተ። ከሱዙካው መንገድ ጥምዞች አንዱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማርሚታዬን ዝገት ስፍቅ ይህን ሁሉ አስባለሁ። በእጄ ያለው ቅርጽ የተሰረቀ ነው። ልመልሰው ብልስ ለማን?

ሁለተኛው ጥያቄ «ማደስ» የምንለው ነገር ራሱ ምንድን ነው የሚለው ነው።

የእኔ ሞተር ሳይክል ለንደን ውስጥ በስድስት ካርቶን ተከፋፍሎ ነው የመጣልኝ። ፒስተኖቹ አዲስ ናቸው፤ ፋሻዎቹ አዲስ ናቸው፤ ኩሽኔታዎቹ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች፣ ገመዶቹ፣ ጎማዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። ክራንክ ሻፍቱ ተፈትቶ፣ ያለቀው ተጥሎ፣ እንደገና በፕሬስ ተገጥሟል። አንደኛው ሲሊንደር ከሌላ ሞተር የመጣ ነው። ታዲያ ይህ በ1980ዎቹ ከፋብሪካ የወጣው ሞተር ሳይክል ነው? ጥንታዊው ፕሉታርክ የቴሴውስን መርከብ ጠቅሶ ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ ሳንቃው አንድ በአንድ የተለወጠ መርከብ ያው ራሱ ነው ወይስ ሌላ? እንግሊዛዊው ሆብስ ደግሞ በ1655 ነገሩን አባባሰው። የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መርከብ ቢሠራባቸውስ፣ የትኛው ነው የቴሴውስ? ይህ በእኛ መንደር ቀልድ አይደለም። ሁለት ሰዎች የአንድ ሞተር ሳይክል ባለቤት ነን ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዱ አካሉን፣ ሌላው ሞተሩን ይዟል።

ገበያው ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ቁጥር። በአካሉ አንገት ላይ የተመታው ቁጥርና በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከተገናኙ ዕቃው «እውነተኛ» ነው፤ ካልተገናኙ ዋጋው ይወድቃል። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ለእኛ እንግዳ አስተሳሰብ እንዳልሆነ ገባኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲያረጅ ይፈርሳል፤ በሣር የነበረው በቆርቆሮ፣ በጭቃ የነበረው በድንጋይ ይሠራል፤ ደብሩ ግን ያው ደብር ነው፤ ታቦቱ አለና። ጃፓኖችም ኢሴ በሚባለው ቦታ ያለውን ታላቅ መቅደሳቸውን በየሃያ ዓመቱ በአዲስ እንጨት ጎን ለጎን ይሠሩታል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። የሚጠበቀው እንጨቱ ሳይሆን እንጨቱን የሚያበጀው እጅ ነው። አናጢው ሥራውን ለልጁ ካላሳየ፣ መቅደሱ ቢቆምም ጠፍቷል።

እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ወደ እጁ ነው። በእኛ የሞተር ሳይክል መንደር የማከብራቸው ሰዎች ውድ ዕቃ ያላቸው አይደሉም። ካርቡራቶር በጆሮ የሚያስተካክሉ፣ የካንዴላዋን ጫፍ አይተው (ቡናማ ከሆነች ደህና፣ ከነጣች ሞተሩ ሊነክስ ነው፣ ከጠቆረች ቤንዚን በዝቷል) የሞተሩን ሕመም የሚናገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር በቂ ዘይት ካጣ ወይም ከጋለ ፒስተኑ አብጦ ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ የኋላው ጎማ በአንድ አፍታ ይቆለፋል። ስለዚህ የጥንት ጋላቢዎች ሁለት ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ አያነሱም። ይህን ማንም መጽሐፍ አላስተማራቸውም፤ ውድቀት አስተማራቸው። ከእነሱ ጋር የሚቀበረው ዕውቀት ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ ግን አዲስ አበባ ያለው አንባቢ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ቢለኝ እውነቱን ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ስንት ጊዜ ፈትቶ ገጠመ? በሩ ከአንድ፣ መሪው ከሌላ፣ ወንበሩ ከሦስተኛ መኪና መጥቶ እንጀራ የሚጋገርበት ላዳ ስንት ነበር? ምናለሽ ተራ ገብቶ ያየ ሰው፣ ከበርሜል ምድጃ፣ ከጎማ ጫማ ሲወጣ አይቷል። ይህን ማንም «ቅርስ ማደስ» ብሎት አያውቅም፤ ኑሮ ነው ስሙ። ስለ ቴሴውስ መርከብ የሚጨነቀው ሌላ መርከብ ያለው ሰው ነው። ላዳው ያው ላዳ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማታ ገንዘብ ይዞ መግባቱ ነበር። ሕንድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። የያማሃ አርዲ 350 እዚያ ከ1983 ጀምሮ ራጅዱት በሚል ስም ይሠራ ነበር፤ ቤንዚን ይበላል ተብሎ ገዢ አጣ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ቀረ። ያኔ ዞር ብሎ ያላየው ሰው ዛሬ በውድ ዋጋ ይፈልገዋል። ችግር ሲጠግነው የነበረውን ምቾት ሲያድሰው ስሙም ዋጋውም ይለወጣል።

ስለ ማሳመርም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የግል ጥላቻዬ ነው። አንዳንዶች ከፋብሪካው ከወጣበት ቀን አስበልጠው ያብለጨልጩታል። እያንዳንዱ ቡሎን በኒኬል ተነክሮ፣ ቀለሙ ሰባት ጊዜ ተቀብቶ፣ ከዚያ ሳሎን ውስጥ ይቆማል። ቤንዚን ገብቶበት አያውቅም። ይህ ሬሳን ኮት እንደማልበስ ነው የሚመስለኝ። የእኔው ሰልባትዮ ላይ የማላውቀው ሰው የቀበቶ ዘለበት ለዓመታት የፋቀው ቦታ አለ፤ ቀለሙ ሳስቶ ብረቱ ሊታይ ነው። ቀቢው «በአንድ ቀን አጠፋልሃለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ያ ጭረት አንድ ሰው እዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ ደስ ብሎት እንደነበረ የቀረ ብቸኛ ምስክር ነው።

ደስታው ሁልጊዜ በደስታ አላለቀም። እንግሊዝ አገር እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ፈተና ሳያልፍ፣ የተማሪ ምልክት ለጥፎ ብቻ፣ 250 ሲሲ ሞተር ሳይክል መንዳት ይችል ነበር። ያማሃ በ1980 ያወጣው ባለ ውኃው 250 በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። ልጅነት፣ ዝናብና ይህ ፍጥነት ሲገናኙ የሚሆነው ሆነ። በኋላ ሕጉ ለተማሪ ከ125 ሲሲ በላይ ከለከለ። ዛሬ እነዚህን የሚያድሱት በአብዛኛው ያኔ 17 ዓመት የነበሩ፣ ዛሬ 60 የሞላቸው ወንዶች ናቸው። ከነሱ አንዱን አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሙ የሞተበትን ዓይነት፣ በቀለሙም በዓመቱም ያንኑ፣ እያደሰ ነው። አራት ዓመት ሆነው። ሊጨርሰው ይችላል፤ አይጨርሰውም። ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ዕቃ ያገኝለታል። እናታቸው በሕይወት አሉ፤ ጋራዡ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም። ይህ ሰው የሚያድሰው ምንድን ነው? ወንድሙን ነው? ገዳዩን ነው? ጠይቄው አላውቅም፤ የሚጠየቅም አይመስለኝም። «ታሪክ እየጠበቅን ነው» የሚለው የማኅበሮቹ ንግግር ግን እሱን ሳይ ባዶ ይሆንብኛል። ታሪክማ ሙዚየም ይጠብቀዋል። እኛ የምንጠብቀው የራሳችንን 17 ዓመት ነው፤ አንዳንዱም የሌላ ሰው 17 ዓመት።

ወደ ጭሱ ልመለስ።

ለእነዚህ ሞተሮች ሞት ምክንያቱ ጭሱ ነው። አሜሪካ ከ1978 ጀምሮ በሞተር ሳይክል ጭስ ላይ ገደብ ጣለች፤ ትልልቆቹ ባለ ሁለት ምቶች እዚያ ከመንገድ ገበያ መጥፋት ጀመሩ። በዓለም ሻምፒዮናውም የ500 ሲሲዎቹ ዘመን በ2001፣ የ250ዎቹ በ2009፣ የ125ዎቹ በ2011 አበቃ። ይህን እንደ ግፍ የሚያወሩ ወዳጆች አሉኝ። ግፍ አይደለም። ግፉን ማየት የሚፈልግ የባንግላዴሽን ዋና ከተማ ዳካን ይጠይቅ። በ1990ዎቹ የዳካ መንገዶች «ቤቢ ታክሲ» በሚባሉ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት እግሮች ተሞልተው ነበር። በ2003 መግቢያ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ከከተማው አስወጣቸው። በብዙ ሺህ ሾፌር ቤት እንጀራ ተቋረጠ፤ የከተማው አየር ግን ወዲያው ተሻለ። ሞተሩ የእኔው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ድሃ በመሆናቸው በየቀኑ ይሠሩበት ነበር፤ እኔ በዓመት ጥቂት እሑዶች እንሸራሸርበታለሁ።

የእኛ ሰዎች መከላከያ ይኸው «ጥቂት» የሚለው ቃል ነው። ጥቂት ነን፤ ጥቂት እንነዳለን፤ አንድ አውሮፕላን ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲበር የሚያወጣው ጭስ የእኛን የዕድሜ ልክ ይበልጣል። ደግሞም ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ዝቅተኛ ነው ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚንና ዘይት ግን ዝቅተኛ አይደለም። ሂሳቡ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። ትንሽነቱ የበደሉን መጠን ያሳንስ ይሆናል፤ ዓይነቱን ግን አይለውጠውም። በ2013 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ አጠገብ የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአስም ሞተች። በ2020 የሞት መንስኤ መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። ያ ጭስ በዋናነት የመኪና ጭስ ነው፤ የእኛ አይደለም። ነገር ግን የዚያን መንገድ ሾፌሮች አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው፣ እያንዳንዱ «እኔ እኮ ጥቂት ነኝ» ባለ ነበር።

የከተማው ሕግ ደግሞ አስቂኝ ነው። ለንደን ውስጥ ጭሳም ተሽከርካሪ የነዳ ሰው በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ተሽከርካሪው 40 ዓመት ሞልቶት «ታሪካዊ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን ክፍያው ይቀርለታል። በ39 ዓመቱ ጥፋተኛ የነበረው በ40 ዓመቱ ቅርስ ይሆናል። ጭሱ ያው ነው። እኔ በዚህ ምሕረት ተጠቃሚ ነኝ፤ ምሕረቱን ግን የሰጠኝ የሚተነፍሰው ሰው አይደለም።

የሚተነፍሰው ሰው ማነው? ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ የዳካ ልጅ ናት። ትንሹ ልጇ አስም አለበት። መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳሁ ዕለት በር ከፍታ ወጣች፤ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ሳበችና ሳቀች። የልጅነቷ ሽታ ነበር። አባቷ በቤቢ ታክሲ ትምህርት ቤት ያደርሳት እንደነበረ ነገረችኝ። ቀጥላም መስኮቱን ልትዘጋ ገባች፤ ልጁ ውስጥ ነበር። ሁለቱን ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ አደረገችው፤ ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ።

«ጠይቃት፤ ከፈቀደች ምን ቸገረህ?» አለኝ አንድ ወዳጄ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ደስ ባለኝ። ይሉኝታ የሚባል ነገር እኛ ብቻ ያለን ይመስለናል፤ እሷም አላት። ብጠይቃት ትፈቅዳለች። በፈገግታ ትፈቅዳለች፤ መስኮቷንም ትዘጋለች። በይሉኝታ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ? ጥያቄው ራሱ ሸክሙን ከእኔ ትከሻ አውርዶ እሷ ላይ መጫን ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ቢያስል «ራሷ ፈቅዳ» እላለሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአገሬ ቡና ትዝ ይለኛል። ቡና ሲቆላ ጭሱ ለጎረቤት ይደርሳል። ማንም ግን የጎረቤቱን የቡና ጭስ ከሶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ጭሱ ጥሪ ነው። ከጭሱ በኋላ «ኑ ቡና ጠጡ» አለ። ጭሱን የተነፈሰው ሰው ሲኒውንም ያነሳል። የእኔ ደስታ ጉድለት ይህ ነው። ጭሱ ለሁሉም ይደርሳል፤ ሲኒው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የምጠጣው እኔ ነኝ። ጎረቤቴን ከኋላዬ አስቀምጬ ላዞራት አልችልም፤ ልጁንማ አያድርገው። የማደርገው የምችለውን ነው። ጭሱ አነስ የሚለውን ውድ ዘይት እጠቀማለሁ። ሞተር ሳይክሉን ሳላስነሳ እየገፋሁ ከመንገዱ ጫፍ አልፌ፣ መናፈሻውም አልፎ፣ ቤት የሌለበት ቦታ ሄጄ አስነሳዋለሁ። 150 ኪሎ ያህል ነው፤ ዳገቱ ላይ ያልበኛል። ይህ መፍትሔ ነው አልልም። ጭሱን ከማውቀው ሳንባ ወደማላውቀው ሳንባ ማዛወር ነው።

ይህን ስትሰማ ቆይታ ልጄ አንድ ቀን ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ ሞተሩን አውጥተህ ለምን ባትሪ አታስገባበትም?» አለችኝ። የሚያደርጉ አሉ፤ ያምራልም። በ2024 የገዛ አገሯ ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ማገዷንም አልረሳችም፤ «አዲስ አበባ እንኳን» አለች። እኔም ሞተሩ ከወጣ የቀረው ሞተር ሳይክሉ አይደለም አልኳት። ጉልበቱ፣ ድምፁ፣ የካደን ማርሚታ፣ የካንዴላዋ ቀለም፣ ሽማግሌዎቹ በጆሯቸው የሚያውቁት ነገር ሁሉ ሄዶ ምን ይቀራል? «ቁጥሩ ይቀራል» አለች፤ «ታቦቱ ካለ ደብሩ ያው ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

የታቦቱ ምሳሌ ለገበያው እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ፣ እኔ ያዘነበልኩት ወደ እጁ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። «እሺ፣ ባትሪ የሚገጥመው ሰውስ እጅ የለውም?» አለች። ለዚህ መልስ አለኝ፤ እጁ ሌላ ነው፣ የሚያውቀውም ሌላ ነው፤ ከፍቼ ሳየው ግን ይህ መልስ የዴግነርን ክርክር ገልብጦ እንደመናገር ነው። ዕውቀት ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ሌላ ሲሆን አይደል የእኔው ያማሃ የተሠራው? ለጊዜው የተስማማነው ይህን ነው። እኔ እስካለሁ ሞተሩ አይወጣም፤ እሑድ እሑድም በእግሬ እየገፋሁት እወጣለሁ። ከእኔ በኋላ የእሷ ነው። ባትሪ ብታስገባበት ሙት ወቃሽ አይደለሁም፤ ሰልባትዮው ላይ ያለውን ጭረት ግን እንዳታስቀባው ቃል አስገብቻታለሁ።